ያውቁ ኖሯል? ጎመን በጤና

ሰውነታችን ምግብን ወደ ጉልበት ሲለውጥ ሕዋስን የሚጎዱ «ፍሪ ራዲካል» የሚባሉ ቅንጣቶች እንደሚፈጠሩ ያውቁ ኖሯል? አንቲኦክሲዳንት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እነዚህን ያከሽፋሉ። ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ቤታ ካሮቲንና ሴሊኒየም ከዚህ ወገን ናቸው፤ በደቡብ ጎንደር ላለው ለእብናት ሰውም አብዛኞቹ ከጓሮው አይርቁም።

የአበሻ ጎመንም ኑግም መገኛቸው ኢትዮጵያ ነው። የጎመኑ ቤታ ካሮቲን ያለ ቅባት በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ የኑግ ዘይት ጠብ ሲልበት ግን ሰውነት ይጠቀምበታል። ጎመን ቀቅሎ ውሃውን የሚደፋ ሰው ቫይታሚን ሲውን አብሮ ይደፋዋል።

ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂ ቫይታሚን ሲን በብዛት ያወጣው ከበርበሬ እሸት እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1937 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በርበሬ ሲደርቅ ይህን ቫይታሚን በአመዛኙ ያጣል፤ ጥሬ ቃሪያ ግን ይዞታል፣ የጤፉንም ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛል። ቡናው ከምግብ በኋላ ቆየት ብሎ ቢጠጣ ይሻላል፤ ብረቱን ይይዝብናል።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እብናት ትልቅ የእርዳታ መጠለያ ነበረባት። በዚያው ዘመን ወደ ሶማሊያና ሱዳን ተሰደው በመጠለያ ከነበሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹን ድድ የሚያደማ፣ መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ በሽታ ያዛቸው፤ ስከርቪ ይባላል። መንስኤው የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው። ራሽኑ እህልና ዘይት እንጂ ትኩስ አትክልት አልነበረውም። ይህን ሳስብ ጎመንን የድሃ ምግብ ብለው የሚንቁ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

በጉና ተራራ ግርጌ የሚመረተው ድንችም ቫይታሚን ሲ አለው፤ ሳይላጥ ሲቀቀል ብዙ አይባክንም።

የእህል ሴሊኒየም የሚወሰነው በአፈሩ ነው። በአማራ ክልል በተደረገ ጥናት በምዕራቡ ክፍል ያሉ ሕፃናት የሴሊኒየም መጠን ከምሥራቁ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ለልጅ እንቁላል ወይም የጣና ዓሣ መጨመር የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው።

አንቲኦክሲዳንት በእንክብል ቢወሰድስ? ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ በወጣ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን በእንክብል በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ታየ። ከጎመንና ከካሮት የሚገኘው እንዲህ ያለ ጉዳት አልታየበትም። ሐኪም ያላዘዘውን እንክብል አይግዙ፤ ገንዘቡን በገበያ ቀን ለጎመን፣ ለቃሪያና ለእንቁላል ያውሉት።