ከኖፓ መቱ አብሮ የሚሄድ ዲስክ

ከኖፓ ወደ መቱ ለትምህርት የሚመላለስ ተማሪ ላፕቶፕ ላይኖረው ይችላል፤ ፍላሽ ግን አያጣም። ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክቶ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሾርትከት ሆነው ይጠብቁታል፤ ይህን ቫይረስ የማያውቅ የለም። ለዚህ ተማሪ የምመክረው ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ሲስተሙንም ይዞ እንዲዞር ነው።

ኮምፒውተር የግድ ውስጡ ካለው ሀርድ ዲስክ አይነሳም። ማብሪያውን እንደተጫኑ ዴል ወይም ሌኖቮ ላይ ኤፍ12ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9ን ደጋግመው ቢነኩ፣ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚያስመርጥ ዝርዝር ይመጣል። ኡቡንቱ የተባለው ሲስተም ያለበትን ዩኤስቢ ሲመርጡ፣ በዊንዶውስ ፋንታ እሱ ይከፈታል። የቤቱ ዊንዶውስ አልተነሳምና ቫይረሱም አብሮት ተኝቷል። ኮምፒውተሩ የሰው ከሆነ ግን አስቀድሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ ነው።

በቅድሚያ መጫኛ ፍላሽ ያስፈልጋል። የኡቡንቱን የመጫኛ ፋይል (አይኤስኦ) ኮፒ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ሩፈስን በመሰለ ፕሮግራም ይጻፋል፤ ሲጻፍ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። የኡቡንቱ 24.04 አይኤስኦ ወደ 6 ጊጋባይት ስለሚሆን፣ በሞባይል ዳታ ከማውረድ ካወረደ ሰው መቅዳት ይሻላል። በዚህ ፍላሽ ብቻ መሥራትም ይቻላል፤ ግን ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሠሩትን ይረሳዋል። ስለዚህ ከፍላሹ አስነስተው በገመድ የሚሰካ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ይጭኑታል፤ 25 ጊጋባይት ቦታ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ዲስኩን የቱንም ያህል በትክክል ቢመርጡ፣ ጫኚው የማስነሻውን ክፍል ላፕቶፑ ውስጥ ባለው ዲስክ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። እኔ የጓደኛዬን ላፕቶፕ ተውሼ ስጭን የደረሰብኝ ይኸው ነው። ዲስኬን ነቅዬ ሄድኩ፤ በማግስቱ ላፕቶፑን ሲከፍተው ዊንዶውሱ ቀርቶ ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ» የሚል የኡቡንቱ ማስነሻ ጽሑፍ ብቻ መጣበት። ከዚያ ወዲህ የውስጡን ዲስክ ሳልነቅል አልጭንም፤ ጥቂት ብሎን መፍታት ነው።

ከዲስክ ኤስኤስዲ ይመረጣል፤ የሚሽከረከረው ይዘገያል፣ ሲወድቅም ይጎዳል። ሲሰኩም ሰማያዊውን፣ ፈጣኑን ዩኤስቢ ቀዳዳ ይፈልጉ። እየሠሩ ገመዱ ቢነቀል ወይም ዴስክቶፕ ላይ ሳሉ መብራት ቢጠፋ ያልተቀመጠው ሥራ ይጠፋልና፣ በየአንቀጹ ሴቭ ማድረግ ነው።

ለቁቤ የሚጨመር ነገር የለም፤ ለግዕዝ ፊደል ኪቦርዱን አንዴ ማስተካከል ይበቃል፤ ዲስኩ ያስታውሰዋል። ተማሪው ኖፓ ላይ የጀመረውን የመመረቂያ ጽሑፍ መቱ ሲደርስ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ይከፍተዋል፤ ፎንቱም ፎልደሩም እንደተወው ነው።