የምሳ ዕቃ ትዝታ

ስለ ትምህርት ቤት ትዝታ ሲወራ አንዳንዱ የመምህሩን ቁጣ፥ አንዳንዱም የፈተናውን ጭንቅ ያነሣል። እኔን ግን ከሁሉ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ ምሳ ዕቃ ነው።

በአዲስ አበባ ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ እናት በንጋት ተነሥታ የቋጠረችው ሽሮ ፍርፍር፥ ልጁ በ6 ሰዓት ክዳኑን ሲከፍት ያው ፍርፍር ሆኖ አይገኝም፤ እንጀራው ወጡን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጥቶ አብጧል። ፓስታ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቀዝቅዞ እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ፥ ማንኪያ ሲሰዱበት የዕቃውን ቅርጽ እንደ ያዘ እንደ ጡብ ብድግ ይላል። ዘይቱም በዕቃው ውስጥ መቀመጥ አይወድም፤ ፌስታሉን አልፎ ከሒሳብ ደብተር ይደርሳል። ስለዚህ መምህሩ የቤት ሥራ ሲያርሙ ተማሪው ትናንት የበላውን ሳይጠይቁ ያውቃሉ።

ማታ ከቤት ሲገባም የሚቀርበው ጥያቄ «ምን ተማርህ?» የሚል ሳይሆን «ማንኪያው የት አለ?» የሚል ነው።

ልውውጡ ራሱን የቻለ ገበያ ነበር። እንቁላል በዳቦ ያመጣ ልጅ የዕለቱ ባለጸጋ ስለ ሆነ ወዳጅ ይበዛለታል። ድንች ወጥ የያዘ መካከለኛ ነው፤ ትናንትም ዛሬም ሽሮ ያመጣ ግን ዕቃው የረከሰበት ነጋዴ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ብቻ ሽሮም ክብሯን ታገኛለች። ኋላ በዩኒቨርሲቲ ስለ አቅርቦትና ፍላጎት ሲነገረን ነገሩ እንግዳ ያልሆነብን ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ወደዚህ ገበያ የማይገባ አንድ ልጅ ነበረ። ደወሉ ሲደወል «ቤታችን ቅርብ ነው፤ ሄጄ እበላለሁ» ይልና ወደ ቧንቧው ይሄዳል፤ ጥቂት ቆይቶም አገጩ እርጥብ ሆኖ ይመለሳል። ቤቱ ቅርብ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ እርሱም ማወቃችንን ያውቃል።

አንድ ቀን ከመካከላችን አንዲት ልጅ «ከዛሬ ጀምሮ ለብቻ መብላት ቀርቷል፤ ሁሉም በአንድነት ይገለበጥ» ብላ ዐወጀች። ሽሮው ከፓስታው፥ ፓስታው ከድንቹ ተደባለቀ። መልኩ ለዓይን አያምርም ነበር፤ ይሁን እንጂ ማን ምን እንዳመጣ፥ ማንስ ምንም እንዳላመጣ የሚለይ አልተገኘም። ያንንም ልጅ የማንኪያ ጠባቂ አድርገን ሾምነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ማንኪያ አልጠፋብንም።

ይህን ማንሣቴ ለሣቅ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ቁርስና ምሳ መመገብ ተጀምሯል። የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2016 አንሥቶ ማርች 1ን የትምህርት ቤት ምገባ ቀን አድርጎ ያከብራል። ነገሩ ያች ልጅ ያወጀችውን በሰፊው መፈጸም ነው፤ ሁሉ ከአንድ ድስት ሲበላ ድኻው ልጅ ስለ ሆዱ መዋሸት አያስፈልገውም።

ከአንባቢዎቼ መካከል ነገ ስለ ዱቄትና ስለ ምስር የተጻፈ ወረቀት ከጠረጴዛው የሚደርሰው አይጠፋም። ፊርማው በአንድ ሳምንት ቢዘገይ፥ ለእርሱ አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ለተማሪው ግን አምስት ቀን የቧንቧ ውኃ ነው።