25 ዓመት በ6 ሳምንት?

የሶላር ፓነል አምራቾች የ25 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ዋስትናው የተሰጠበት ሞዴል ግን ብዙ ጊዜ ገበያ ላይ ከዋለ ጥቂት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ታዲያ ማንም ያላየው ሩብ ምዕተ ዓመት እንዴት ይገመታል?

በተፋጠነ የዕድሜ ፍተሻ ነው። ፓነሉ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና 85 በመቶ እርጥበት ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ 1000 ሰዓት፣ ማለትም 6 ሳምንት ገደማ ይቆያል። የስሌቱ መሠረት ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንቴ አሬንየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ያቀረበው ቀመር ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ኬሚካዊ ለውጥ በስንት እጥፍ እንደሚፈጥን ያሰላል።

ስሌቱ የሚቆመው ለውጡ ለመነሣት በሚፈልገው የጉልበት መጠን ላይ ነው። መጠኑ 0.7 ኤሌክትሮንቮልት ከሆነ፣ እርጥበቱን ትተን ሙቀቱን ብቻ ብንቆጥር፣ በ85 ዲግሪ ያለፈው 1000 ሰዓት በ25 ዲግሪ 11 ዓመት ያህላል። 0.5 ከሆነ ግን 3 ዓመት ብቻ! ክፍሉም ሰዓቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ስለ ቁሱ የያዝነው ግምት ነው። ስለዚህ ቁሱን በተለያዩ የሙቀት ደረጃዎች ፈትሾ ይህን ጉልበት ያልለካ ሰው የሚናገረውን ዕድሜ አላምንም።

ከዚህ የከፋም አለ። ሊጥ ሞቅ ያለ ቦታ ቢቀመጥ ቶሎ ይቦካል፤ የጋለ ምጣድ ላይ ቢፈስ ግን ይበስላል እንጂ አይቦካም። ፍተሻም እንዲሁ ከልክ ሲያልፍ ቁሱን በሜዳ በማይገጥመው ምክንያት ይገድለዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ እውነተኛውን ገዳይ ጨርሶ ይስተዋል።

ጀርባቸው በፖሊአማይድ ፕላስቲክ የተሸፈነ ፓነሎች የደረሰባቸው ይህ ነው። መደበኛውን ፍተሻ አልፈው በብዙ አገሮች ተተከሉ፤ ጥቂት ዓመታት እንደሠሩ ግን ሽፋናቸው በሴሎቹ መካከል ባለው ክፍተት ትይዩ ተሰነጠቀ። ዝናብ ወይም ጤዛ ሲገባበት ኤሌክትሪክ ያፈስ ጀመር። ፍተሻው ይህን ለምን አላየም? የእርጥበቱ ክፍል ጨለማ ነው። ለብቻው የሚደረገው የአልትራቫዮሌት ፍተሻ ደግሞ በካሬ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ፀሐያማ አገር ይህን በጥቂት ወራት ይሰጣል። ጣሪያ ላይ ግን ጨረሩ፣ ሙቀቱ፣ ዝናቡና ንፋሱ ተራ አይጠብቁም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች እነዚህን ጫናዎች በአንድ ክፍል ውስጥ አጣምረው ሲፈትሹ፣ ነጠላ ፍተሻዎቹ ያላሳዩት ስንጥቅ በወራት ውስጥ ወጣ። ለእኛ ደጋ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራልና፣ ለዚህ አገር ጣሪያ የሚገዛ ፓነል በጣምራ ጫና መፈተሹ ሊጠየቅ ይገባል።