የበረዶ ነጸብራቅና የብየዳ ብልጭታ በዓይን ላይ የሚያደርሱት ጉዳት

በየካቲት 1998 ዓ.ም. በጣሊያን ቱሪን ከተማ በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ ሮቤል ተክለማርያም በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ስፖርተኛ ሆኗል። በበረዷማ ተራራ ላይ፣ በተለይም ክረምቱ ሊያልቅ ተቃርቦ ፀሐይ ስትበረታ፣ ያለ መነጽር የዋለ ሰው ማታ ለከባድ የዓይን ሕመም ይዳረጋል። አዲስ የጣለ በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን የአልትራቫዮሌት ጨረር መልሶ ያንጸባርቃልና።

አሶሳ በረዶ የለባትም። ያለ ጭንብል የሚበይድ ሰው ግን በዚያም ቢሆን በዚሁ ሕመም፣ በፎቶኬራታይተስ፣ ይያዛል። ጨረሩ የኮርኒያን የላይኛ ሽፋን ሕዋሳት ይጎዳል፤ ስሜቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ ታማሚው ሌሊት ላይ፣ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል እየቆረቆረውና እንባው እየወረደ ይመጣል። ሕመሙን ከቀኑ ሥራው ጋር ላያያይዘው ስለሚችል ጠይቆ መረዳት የባለሙያው ድርሻ ነው።

ለምርመራ የሚጨመረው የማደንዘዣ ጠብታ ሕመሙን ወዲያውኑ ያስታግሳል፤ ታማሚው ጠርሙሱን ይዞ ለመሄድ ቢለምን አያስደንቅም። ሊሰጠው ግን ፈጽሞ አይገባም። ጠብታው ሲደጋገም የኮርኒያን መዳን ያግዳል፣ እስከ መበሳትም ሊያደርስ ይችላል። የሚዋጥ ማስታገሻ፣ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባትና ከብርሃን ርቆ ማረፍ ይበቃሉ፤ አብዛኛው ታማሚ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይድናል። ሕመሙ ከዚያ ካለፈ ወይም አንዱን ዓይን ብቻ ከያዘ የብረት ስባሪ ገብቶ እንዳይሆን መመርመር ያስፈልጋል።