ኳሱ የት አረፈ?

የጎልፍ መለማመጃ ሜዳ፣ እንግሊዞች ድራይቪንግ ሬንጅ፣ ጣሊያኖች ካምፖ ፕራቲካ የሚሉት፣ ተጫዋቾች በአንድ መስመር ጎን ለጎን ቆመው ወደ ፊት ኳስ የሚመቱበት፣ የመቱትን ኳስ ግን ተከትለው የማይሄዱበት ሰፊ የሣር መስክ ነው። በመስኩ ላይ ርቀት የተጻፈባቸው ሰሌዳዎችና ባንዲራ የተሰካባቸው ዒላማዎች ይተከላሉ። ተጫዋቹ በሳንቲም ወይም ክለቡ በሚሸጠው ማስመሰያ፣ ጄቶኔ በሚሉት፣ ከማሽን አንድ ባልዲ ኳስ ይቀዳል። የተበተነውን ኳስ የሚለቅም ተሽከርካሪ ስላለ ማንም ሰው ወደ መስኩ አይገባም። ጥቂት እርምጃ ፊት ለፊት የወደቀ ኳስ ለማንሣት ብለው የሚገቡ ግን አይጠፉም፤ እነዚህን ከሌላው ኳስ የሚያድናቸው ዕድል ብቻ ነው።

በሮም ዙሪያ ስመ ጥር የሆኑ ክለቦች አሉ። አኳሳንታ በ1903 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) የተመሠረተ፣ በጣሊያን በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ነው። ከሜዳው ሆኖ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ያሠራው የውኃ ማስተላለፊያ ቅስት ይታያል። አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ የሮጠበት ጥንታዊው የአፒያ መንገድም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ኦልጃታ በ1968 እና በ1984 የጎልፍን የዓለም ዋንጫ አስተናግዷል። ከከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው ማርኮ ሲሞኔ ደግሞ በ2023 አውሮፓ አሜሪካን 16.5 ለ11.5 የረታበት የራይደር ካፕ ውድድር ሜዳ ነው። ጎብኚው የእነዚህን ክለቦች ጉድጓድና አሸዋ ያደንቃል፤ የመለማመጃውን መስክ ግን ማሟሟቂያ ነው ብሎ ያልፈዋል። እውነተኛው መለኪያ ያለው እዚያ ነው።

የጎልፍ ዱላዎች በየቁጥራቸው ኳሱን የተለያየ ርቀት እንዲወስዱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል የዱላው ፊት ወደ ኋላ ያጋድላል፣ ኳሱም ሽቅብ ወጥቶ ቅርብ ይወድቃል። ሕጉ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል። የርቀት ልምምድ ማለት ከእነዚህ እያንዳንዳቸው ኳሱን ስንት ሜትር ላይ እንደሚያሳርፉ ማወቅ ነው። ቀሪው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

“ማሳረፍ” የሚለው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ተጫዋች የሚሳሳተው እዚህ ነው። በ7 ቁጥር አይረን (የብረት ዱላ) የተመታ ኳስ 130 ሜትር ላይ ያርፍና ተንከባልሎ 150 የሚለው ሰሌዳ ሥር ይቆማል። መቺው ሰሌዳውን ያያል፤ “ሰባት ቁጥሬ 150 ይሄዳል” ብሎ ይመዘግባል። በበጋ የሮም መሬት ደርቆ ስለሚጠነክር መንከባለሉ ጭራሽ ይብሳል። ሜዳ ላይ ግን ከባንዲራው በፊት፣ ከመቺው 140 ሜትር ላይ ኩሬ ቢኖር ያ ኳስ ውኃ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ያለበት ግሪን በየቀኑ ውኃ የሚጠጣ ለስላሳ ሣር ስለሆነም ጥሩ ከፍታ ያለው ኳስ እዚያ ሲያርፍ ብዙ አይንከባለልም። ስለዚህ መያዝ ያለበት ቁጥር ኳሱ በአየር የሄደው ነው። ዓይን የሚከተለውም የመጨረሻ ማቆሚያውን ሳይሆን መጀመሪያ መሬት የነካበትን ነጥብ ነው።

ሰሌዳውም ራሱ ሁልጊዜ አይታመንም። ቁጥሩ የተለካው ከአንድ ነጥብ ነው፤ የመምቻው መስመር ግን ሣሩ እንዲያገግም ተብሎ በየጊዜው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዛወራል። መስመሩ 10 ሜትር ወደ ኋላ ከተሳበ 100 የሚለው ሰሌዳ 110 ሆነ ማለት ነው። በሌዘር የሚሠራ የርቀት መለኪያ ያለው ተጫዋች ልምምዱን ከመጀመሩ በፊት ዒላማዎቹን አንድ በአንድ ቢለካ የሚጠፋበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ከዚያ ደግሞ ኳሱ አለ። የመለማመጃ ኳስ ስንት ሺህ ጊዜ ተመትቶ፣ ተለቅሞና ታጥቦ የመጣ ነው። አንዳንዱ ሩቅ እንዳይሄድ ታስቦ የተሠራ ሲሆን ሌላው ከማርጀቱ የተነሣ የላዩ ጎድጓዳ ነጥቦች ተልጠዋል። እነዚያ ነጥቦች ጌጥ አይደሉም፤ ያለ እነሱ ኳሱ የሚሄደው ግማሽ ያህሉን ነው። ከአንድ ባልዲ ውስጥ አዲስና አሮጌ ተቀላቅሎ ሲወጣ አንዱ ኳስ 10 ሜትር ቢያጥር ጥፋቱ የመቺው ላይሆን ይችላል። አስተዋይ ሰው አሥር ኳስ በአንድ ዱላ ይመታል፤ እጅግ የራቀውንና እጅግ ያጠረውን ይተዋል፤ የቀሩት የተሰበሰቡበትን መሃል ይይዛል። አንዴ ብቻ ግሩም የሄደችውን ኳስ “የእኔ ርቀት” ብሎ የሚይዝ ግን ሜዳ ላይ ዘወትር ያጥርበታል።

የጎማ ምንጣፉ ሌላው አታላይ ነው። ዱላው ከኳሱ በስተኋላ መሬት ሲነካ ሣር ላይ ይቀረቀራል፣ ኳሱም ቅርብ ይወድቃል። ምንጣፍ ላይ ግን ዱላው ተንሸራቶ ኳሱን ያገኘዋልና ስሕተቱ ይሸፈናል። ምርጫ ካለ ሣሩ ላይ መምታት ይሻላል።

መለኪያውንም ማጣራት ያሻል። የሮም ክለቦች በሜትር ይጽፋሉ፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች በያርድ ይናገራሉ። አንድ ያርድ 0.9144 ሜትር ስለሆነ 150 ያርድ 137 ሜትር ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ደግሞ የከፍታውን ልዩነት ያስብ፤ ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነውና ኳሱ ከሮም ይልቅ 10 በመቶ ገደማ አርቆ ይሄዳል። አዲስ አበባ የተማረውን ቁጥር ሮም ላይ ይዞ የሚመታ ሰው ከግሪኑ በፊት ይቀራል።

ከ100 ሜትር በታች ያለው ሥራ የሚከናወነው ዌጅ በሚባሉት አጫጭር ዱላዎች ነው። ናሳ ውስጥ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው የጎልፍ መምህር ዴቭ ፔልዝ ያስፋፋው ዘዴ እስካሁን ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል፦ ኃይልን ከመጨመርና ከመቀነስ ይልቅ ክንድ ወደ ኋላ የሚሄድበትን ልክ መለዋወጥ፣ ለምሳሌ እስከ ወገብ፣ እስከ ትከሻ፣ ሙሉ። ሦስት ዌጅ በሦስት ልክ ዘጠኝ ርቀት ይሰጣል፤ ዘጠኙም በወረቀት ተጽፈው ከዱላው አንገት ላይ ሊለጠፉ ይችላሉ። ባልዲውን በሙሉ ድራይቨር በሚባለው ረጅሙ ዱላ የሚጨርሰው መቺ ይህንን ክፍል አያውቀውም፤ ጎረቤቱን በጩኸት ማወኩ ግን አይቀርም።

ዒላማ መያዝን በተመለከተ መምህራን የሚሰጡት ምሳሌ የባቡር ሐዲድ ነው፦ ኳሱና ዒላማው በአንዱ ሐዲድ፣ እግሮች በሌላው። ትክክል ነው። ይሁንና ብዙዎች ስሕተቱ እግርን በቀጥታ ወደ ባንዲራው ማዞር ነው ይላሉ፤ ሒሳቡ ይህን አይደግፍም። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው 70 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 150 ሜትር ላይ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ከማዕዘን ነው። የዱላው ፊት በ1 ዲግሪ ቢዛባ በ150 ሜትር ኳሱን 2.6 ሜትር፣ በ5 ዲግሪ ቢዛባ 13 ሜትር ያስታል። የአብዛኛው ግሪን ግማሽ ስፋት ከዚህ ብዙ አይበልጥም፤ ኳሱ መጀመሪያ የሚነሣበትን አቅጣጫ ደግሞ በአመዛኙ የሚወስነው የዱላው ፊት ነው።

ማዕዘኑ የሚዛባው በቅደም ተከተል ስሕተት ነው። ሰው እግሩን መጀመሪያ ይተክልና አንገቱን አዙሮ ባንዲራውን ይፈልጋል፤ በጎን የቆመ ዓይን መስመር አይለካምና ቀኝ እጀኛው ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ዞሮ ይቆማል። መፍትሔው ከኳሱ ኋላ ቆሞ ዒላማውን በፊት ለፊት ማየት፣ በመስመሩ ላይ ከኳሱ አንድ ሜትር ያህል ቀድሞ ያለ የሣር ቅጠል ወይም የተሰበረ የኳስ ማስቀመጫ መምረጥ፣ የዱላውን ፊት ወደዚያ ማዞር፣ እግርን በመጨረሻ መትከል ነው። ምንጣፉ ራሱ አራት ማዕዘን ስለሆነ ሰውን ወደ ጫፉ አቅጣጫ ይስባል፤ ሆን ብሎ ከምንጣፉ ጋር የተሻገረ ዒላማ መምረጥ ይህን ያፈርሳል።

ከዚህ በኋላ ልምምዱ በአንድ ዱላ ሠላሳ ጊዜ ከመደጋገም ወደ መለዋወጥ ይሸጋገራል፤ በሜዳ ላይ አንድ ዓይነት ምት በተከታታይ ሁለቴ እምብዛም አይመጣምና። ድራይቨር፣ ከዚያ 8 ቁጥር፣ ከዚያ የ60 ሜትር ዌጅ፣ በየምቱ ዒላማው ሌላ። እንደ ማርኮ ሲሞኔ ኮረብታማ ለሆነ ሜዳ የሚዘጋጅ ሰው የከፍታ ልዩነቱንም ይደምራል፤ ግሪኑ በ10 ሜትር ከፍ ካለ ርቀቱን በ10 ሜትር ያህል እንደረዘመ፣ ዝቅ ካለም በዚያው መጠን እንዳጠረ መቁጠር ለጀማሪ ይበቃል። ራዳርና ካሜራ ያላቸው ሜዳዎች እያንዳንዱን ምት በስክሪን ያሳያሉ፤ እዚያም ቢሆን የሚነበበው በአየር የተሄደው ቁጥር ነው፣ ከጎኑ ያለው ጠቅላላ ድምር ማሽኑ የሚገምተው እንጂ መሬቱ የሚሰጠው አይደለም።