የጂአርኢ የእንግሊዝኛ ቃላት፦ ከሂፍዝ ቤት የምንወስደው ዘዴ



የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ጨርሰው በውጭ አገር ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ለመማር ከሚያስቡ ወንድሞችና እህቶች ጋር ስንነጋገር አንድ ቅሬታ ደጋግመን እንሰማለን። «ሒሳቡን እችለዋለሁ፤ የእንግሊዝኛው ቃላት ግን አቃተኝ» ይሉናል። ብዙዎቹ የሚሄዱበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። አንድ ሺህ ቃላት የተደረደሩበት ፒዲኤፍ ከቴሌግራም ያወርዱና ከ«ኤ» ጀምረው ይሸመድዳሉ። «ዲ» ላይ ሲደርሱ የ«ኤ»ን ቃላት ረስተዋቸዋል። ከዚያ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ወይም ሳይዘጋጁ ተፈትነው በዶላር የተከፈለ ገንዘብ ያባክናሉ።

በዚህ ጽሑፍ ፈተናው ከቃላት አንጻር በትክክል ምን እንደሚጠይቅ፣ ቃል ለምን እንደሚረሳና እንዴት አጥንቶ ማስቀረት እንደሚቻል እናያለን። የእንግሊዝኛ ቃላቱን ለንባብ እንዲመች በአማርኛ ፊደል ጽፈናቸዋል፤ ስታጠኑ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው።

ፈተናው ምን ይጠይቃል?

ጂአርኢ በአሜሪካው ኢቲኤስ የሚዘጋጅ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ ጀምሮ አጥሮ ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ይወስዳል። የቋንቋው ክፍል 27 ጥያቄዎች አሉት፤ መጀመሪያ 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ ይሠራል። ውጤቱ ከ130 እስከ 170 ባለው ይሰጣል። በመጀመሪያው ዙር ያመጣችሁት ውጤት የሁለተኛውን ዙር ክብደት ስለሚወስን መጀመሪያው ላይ መዘናጋት ያስከፍላል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም።

ከጥያቄዎቹ ግማሽ ያህሉ አንብቦ መረዳት ነው። የቀሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ባዶ ቦታ መሙላት ሲሆን ከአንድ እስከ ሦስት ባዶ ቦታ ይኖረዋል። ሁሉም ካልተሟላ ነጥብ የለም፤ ከሦስቱ ሁለቱን ማግኘት ምንም አያስገኝም። ሁለተኛው ከስድስት አማራጮች ውስጥ ዐረፍተ ነገሩን ወደ አንድ ትርጉም የሚያደርሱ ሁለት ቃላትን መምረጥ ነው።

ድሮ የቃል ተቃራኒ ፈልጉ የሚል ጥያቄ ነበር። ይህ ከነሐሴ 2011 እ.ኤ.አ ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ አሁን የሚፈተነው የቃሉን ፍቺ ብቻ ማወቅ ሳይሆን ቃሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ነው። ከቆዩ ዝርዝሮች ቃልና ፍቺ ብቻ የሚሸመድድ ሰው ለቀረ ፈተና እየተዘጋጀ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። ብዙ የትምህርት ክፍሎች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጂአርኢን አስገዳጅ ማድረግ ትተዋል። የምታመለክቱበት ክፍል ይጠይቅ እንደሆነ ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ሳታረጋግጡ አትመዝገቡ። ውጤቱ የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት መሆኑንም አስታውሱ።

ለምን ይረሳል?

ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ ባሳተመው ጥናት ራሱን እየፈተነ አንድ ነገር አሳየ። ሰው የሸመደደውን አብዛኛውን የሚረሳው ወዲያው፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። እየቆየ በየጊዜው ከተደጋገመ ግን የመርሳቱ ፍጥነት ይቀንሳል።

ይህ ለእኛ አዲስ ወሬ አይደለም። በሂፍዝ ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቁርኣንን የያዘ ሰው በየጊዜው እንዲደጋግመው ያሳሰቡት፣ ከታሰረች ግመል ይልቅ በፍጥነት እንደሚያመልጥ በመግለጽ ነው። ኡስታዙ አዲስ ትምህርት ከመስጠቱ በፊት የትናንቱን ይሰማል፤ በሳምንቱ የሳምንቱን፣ ከዚያም ያለፈውን ጁዝእ ያስደግማል። ሙራጀዓ የሌለው ሂፍዝ አይቆምም። የአላህ ቃል ከዓለማዊ ፈተና ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ የአእምሯችን አሠራር ግን አንድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ ከአዲስ ቃል ይልቅ ለድግግሞሽ ብዙ ጊዜ ስጡ። ዛሬ የያዛችሁትን ቃል ነገ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በሁለት ሳምንቱ፣ በወሩ ተመለሱበት። ድግግሞሹም ማየት ብቻ መሆን የለበትም። ሀፊዙ ሙስሐፉን ዘግቶ እንደሚያሰማው ሁሉ እናንተም ፍቺውን ሸፍናችሁ ከአእምሯችሁ አውጡ። ዝርዝር ላይ ዓይን ማመላለስ «አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል እንጂ ፈተና ላይ አይገኝም።

ሰርፍ ለእንግሊዝኛም ይሠራል

በወሎም ሆነ በሌላው አካባቢ ሐሪማ የተቀመጠ ደረሳ ሰርፍ ይማራል። ከ-ተ-በ የሚለውን ሥር ካወቀ ኪታብ፣ ካቲብ፣ መክቱብ እያለ ቤተሰቡን በሙሉ ይለያል። አማርኛችንም ጸሐፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ እያለ እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ሥሩን የሚያዋቅረው በሌላ መንገድ ቢሆንም ከባዶቹ ቃላት አብዛኞቹ ከላቲንና ከግሪክ የመጡ ስለሆኑ እነሱም ቤተሰብ አላቸው።

ለምሳሌ በላቲን መናገር ከሚለው ሥር የወጡትን እንይ። ሎኬሸስ ወሬ የሚያበዛ፣ ኤሎክወንት አንደበተ ርቱዕ፣ ሰርከምሎኪውሽን ዙሪያ ጥምጥም ንግግር፣ ግራንዲሎክወንት በትልልቅ ቃላት የሚያጌጥ ማለት ነው። አንድ ሥር ይዛችሁ አራት ቃል አገኛችሁ። ከብርሃን ሥር ደግሞ ሉሲድ ግልጽ፣ ኤሉሲዴት ማብራራት፣ ፔሉሲድ ጥርት ያለ ይወጣሉ። «ቤኔ» በጎነትን ያመለክታል፤ ቤኔቮለንት ለሰው በጎ የሚያስብ ነው። «ማል» ክፋትን ያመለክታል፤ ማሌቮለንት ክፉ የሚመኝ ነው።

ሥር ግን መሪ እንጂ ዳኛ አይደለም። ኤነርቬት የሚለውን ቃል ያየ ሰው ኢነርጂ ከሚለው ጋር አዛምዶ «ማበርታት» ሊለው ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ማዳከም ነው። ሥሩን ተጠቅማችሁ ከገመታችሁ በኋላ መዝገበ ቃላት ማየትን አትተዉ።

ከኛው ቤት የሄዱ ቃላት

ጂአርኢ ላይ ከሚጠበቁት መካከል ከዐረብኛ የሄዱም አሉ። ዜኒት፣ ማለትም የከፍታ ጫፍ፣ የመጣው «ሰምት አር-ረእስ» ከሚለው የሥነ ፈለክ አጠራር ነው፤ ከራስ በላይ ያለው መንገድ እንደማለት ነው። ተቃራኒው ናዲር፣ የመጨረሻው ዝቅታ፣ «ነዚር» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን ፊት ለፊት ያለ፣ ተቃራኒ ማለት ነው። ኤሊክሰር «አል-ኢክሲር» ነበር። በሒሳቡ ክፍል የምታገኙት አልጀብራም በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ከሠራው ከአል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ስም ውስጥ «አል-ጀብር» ከሚለው የተወሰደ ነው፤ አልጎሪዝም ደግሞ ከራሱ ከሊቁ ስም። መድረሳ የተማረ ሰው እነዚህን አንድ ጊዜ ሰምቶ አይረሳቸውም።

የሚታወቁ የሚመስሉ ቃላት

ብዙ ሰው የሚወድቀው በማያውቀው ቃል ብቻ ሳይሆን አውቀዋለሁ በሚለውም ነው። ፔደስትሪያን እግረኛ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በጂአርኢ ግን ተራ፣ ምንም አዲስ ነገር የሌለው ማለት ሆኖ ይመጣል። ፍላግ ባንዲራ ነው፤ እንደ ግስ ሲገባ ግን መዛል፣ መድከም ነው። አሬስት ማሰር ብቻ ሳይሆን መግታትም ነው። ኳሊፋይ አንድን አባባል መገደብ፣ «ነገር ግን» ብሎ ማለዘብ ይሆናል። በዜና የምንሰማው ሳንክሽን ማዕቀብ ነው፤ ሆኖም መፍቀድ የሚል ተቃራኒ ፍቺም አለው። ለእነዚህ ለብቻቸው ዝርዝር ያዙ።

ዐረፍተ ነገሩን እንዴት እናንብብ?

አሠራሩ በአማርኛ ምሳሌ ይታያል። «መምህሩ በአደባባይ ቃል የሚቆጥብ ቢሆንም በደብዳቤዎቹ ግን ______ ነበር።» አማራጮቹን ከማየታችሁ በፊት «ቢሆንም» እና «ግን» ላይ ቁሙ። አቅጣጫው ይገለበጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ ባዶው ቦታ «ብዙ የሚናገር» የሚል ቃል ይፈልጋል። ይህን በራሳችሁ ቃል ከገመታችሁ በኋላ ብቻ ወደ አማራጮቹ ሂዱ።

ሁለት ቃል ምረጡ ከተባለ ሎኬሸስ እና ጋሩለስ አብረው ይሄዳሉ፤ ሁለቱም ወሬ ማብዛትን ይገልጻሉ። ኤሎክወንት ከንግግር ጋር ስለተያያዘ ሊያሳስት ይችላል፤ ግን ጥሩ ተናጋሪ መሆን ብዙ ተናጋሪ መሆን አይደለም። ለዚህ ነው ቃላትን አንድ በአንድ ሳይሆን በትርጉም ቤተሰብ መያዝ የሚጠቅመው፤ ወሬ የሚያበዙ በአንድ ቦታ፣ ዝምተኞች በሌላ ቦታ።

ካርድና የ12 ሳምንት ዕቅድ

ውድ ኮርስ አያስፈልግም። ከወረቀት የተቆረጠ ካርድ ይበቃል። በፊቱ ቃሉን፣ በጀርባው አጭር ፍቺ፣ ሥሩን እና ራሳችሁ የሠራችሁትን አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ያወቃችሁትን ካርድ ዘግይቶ ወደሚታይ ሳጥን አሳልፉ፤ የሳታችሁትን ወደ መጀመሪያው ሳጥን መልሱ። ይህ የላይትነር ዘዴ ይባላል። ስልክ የምትመርጡ አንኪ የተባለውን መተግበሪያ ተጠቀሙ፤ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው፤ የድግግሞሹንም ቀን ራሱ ያሰላል።

በቀን 10 አዲስ ቃል፣ በሳምንት ስድስት ቀን ብትይዙ 60 ይሆናል። በ12 ሳምንት 720 ቃል ነው። ጁሙዓ ቀን አዲስ አትጨምሩ፤ የሳምንቱን ብቻ ከልሱ። ከፈጅር በኋላ ጭንቅላት ንጹሕ ሲሆን አዲሱን፣ ከዐስር በኋላ ድግግሞሹን፣ ከዒሻእ በኋላ ግማሽ ሰዓት ንባብ ብታደርጉ ቀኑ በሶላት ሰዓት ይከፋፈልላችኋል። ለንባቡ እንደ ዘ ኢኮኖሚስትና ሳይንቲፊክ አሜሪካን ያሉትን ምረጡ፤ በካርድ የያዛችሁትን ቃል በሥራ ላይ ስታዩት ያን ጊዜ የእናንተ ይሆናል። በአራተኛውና በአሥረኛው ሳምንት ኢቲኤስ በነፃ የሚሰጣቸውን ሁለት የፓወርፕሬፕ ሙከራ ፈተናዎች ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ።

ሥራ ወይም ልጆች ያሏችሁ እህቶችና ወንድሞች 10 ቃል ከበዛባችሁ አምስት አድርጉት፤ ግን አታቋርጡ። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል።

ስለ አማና አንድ ቃል

«የወጣ ፈተና» እያሉ የሚሸጡ፣ «ተፈትነንላችሁ እናመጣለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። ኢቲኤስ ማጭበርበር ካገኘ ውጤት ይሰርዛል። ይህ ባይሆን እንኳ በሐሰት የተገኘ ወረቀት በሌላ ሰው ቦታ መቀመጥ ነው። ደግሞም ቃላቱ ለፈተና ብቻ አይደሉም፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ በሳምንት በርካታ ጥናታዊ ጽሑፎች ታነባላችሁ። ፈተናውን ያለፈላችሁ ሰው ያን ጊዜ አብሯችሁ አይኖርም።

ዕውቀት የሚፈልግ ሰው ኒያውን ያስተካክላል፣ ሰበቡን ያደርሳል፣ ከዚያ በአላህ ይመካል። ዛሬ ማታ አሥር ካርድ ቁረጡ፤ ነገ ከፈጅር በኋላ ጀምሩ። አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፣ የያዝነውንም ያጽናልን። አሚን።