የጉልበት ከፊል ቅየራ፡- በሲሚንቶ ወይስ ያለ ሲሚንቶ?

ደረጃ መውጣትና መውረድ ወይም ከተቀመጡበት መነሳት ያሰቃይዎታል? የሕመም ማስታገሻውም ሆነ ፊዚዮቴራፒው ካልረዳዎት ሐኪምዎ የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራን ሊመክርዎ ይችላል። ይህ ሲባል ግን ሁልጊዜ ጉልበት በሙሉ ይቀየራል ማለት አይደለም።

የጉልበት መገጣጠሚያ የውስጥ ጎን፣ የውጭ ጎንና ከጉልበት ሎሚ ሥር ያለ ክፍል አለው። ልም አጥንቱ ያለቀው በአንዱ ክፍል ብቻ ከሆነና ጅማቶቹ ጤነኛ ከሆኑ የተጎዳውን ክፍል ብቻ መቀየር ይቻላል። እንደ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለ መላ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃ ብግነት ላለበት ሰው ግን ይህ ሕክምና አይመከርም።

ሰው ሠራሹ አካል ከአጥንት ጋር የሚያያዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የአጥንት ሲሚንቶ ነው። ይህ የቤት መሥሪያው ሲሚንቶ ሳይሆን በቀዶ ሕክምናው ወቅት ተቀላቅሎ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠነክር የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ለረጅም ዘመን የተሠራበት ሲሆን፣ አጥንታቸው ለሳሳ ሰዎችም ይመረጣል። ከዓመታት በኋላ ግን ሊላላ ይችላል።

ሁለተኛው ያለ ሲሚንቶ የሚገጠመው ነው። ብረቱ አጥንት ላይ ተጠብቆ ይገባል፤ ሸካራና ቀዳዳማ በሆነው ገጽታው ላይም በሳምንታትና በወራት ውስጥ አጥንት ያድግበታል። ሲሚንቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ስለሌለ የቀዶ ሕክምናው ጊዜ ያጥራል። ኦክስፎርድ በተባለው የከፊል ቅየራ ዓይነት ላይ በብሪታንያ የተሰበሰበው የመገጣጠሚያ ቅየራ መረጃ እንደሚያሳየው፣ ያለ ሲሚንቶ የተገጠመላቸው ሰዎች ዳግም ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው በመጠኑ ያነሰ ነው። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቅልጥም አጥንት የላይኛው ጫፍ የመሰንጠቅ ስጋት አለ። ስጋቱ አጥንታቸው በሳሳ ሰዎች ላይ ይበረታል።

ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው በአጥንትዎ ጥንካሬና በሐኪሙ ልምድ ነው። ከመወሰንዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፤ የተጎዳው አንድ ክፍል ብቻ ነው? አጥንቴ ምን ያህል ጠንካራ ነው? እርስዎ ይህን ቀዶ ሕክምና አዘውትረው ይሠራሉ? የትኛውን ዘዴ ይመርጣሉ፤ ለምን?

በሁለቱም ዘዴ ብዙዎች በዕለቱ ወይም በማግስቱ በድጋፍ መራመድ ይጀምራሉ። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ የባት እብጠት ወይም ድንገት የተባባሰ ሕመም ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና ይሂዱ።